መቀሷ እምቢ ያለችበት ማክሰኞ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10 ቀን
ከሱቃችን፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ

ይድረስ ለአኩራፊው ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ልጃችንም ፈተናዋን ጨርሳ ደህና ናት፣ ሱቁም አልተዘጋም። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን በደወልኩ ቁጥር "ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ" ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ቆጥሬዋለሁ፣ አራት ቃል ናት። ደብዳቤ ደግሞ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ብትናደድ እንኳ ሳታነበው አትቀደውም። አውቅሃለሁ፤ የመድኃኒት ካርቶን እንኳ ጽሑፉን አንብበህ ጨርሰህ ነው የምትጥለው።

አስቀድሜ ልንገርህ፤ የምጽፍልህ ስለ ሥራ ብቻ ነው። ስለ ሌላ ነገር ትንፍሽ አልልም። ሰባት ሳምንት ሙሉ በእህትህ በእትዬ ወፍጮ ቤት ሚዛን አጠገብ ተቀምጠህ፣ ዱቄት ለብሰህ እንደምትውል ራሷ ነግራኛለች። "ከቪዲዮ ጋር ተፋትቻለሁ፣ አዲሱ ነገር ለእኔ ዕድሜ አልተሠራም፣ ከእንግዲህ ሚዛን ይበቃኛል ይላል" አለችኝ። ይሁን። ሚዛንም ሥራ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ የቀረጽኩትን ሠርግ ሲቆርጥና ሲቀጥል የኖረ ሰው ስንዴ ቢመዝን ምን ይለዋል። እኔ ምን አገባኝ።

እንዳልኩህ፣ ስለ ሥራ ነው።

የጥርስ ሐኪሙ ሠርግ እጄ ላይ ቀርቶ ነበር። እናቱንማ አትረሳቸውም፤ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህርት፣ እንግዳውን ሁሉ በቁመት አሰልፈው ፎቶ ስላስነሡን እኔና አንተ "ሻለቃዋ" ያልናቸው። የዚያን ማክሰኞም እሳቸው ነበሩ ከኋላህ የቆሙት። አንተ አዲሱ የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ፊት ተቀምጠህ በመቀሷ ምልክት አንዲት ቁራጭ ለመቁረጥ አሥር ጊዜ ሞከርክ፤ አልቆረጠም። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ። እኔም ጨንቆኝ፣ ቀልድ መስሎኝ፣ "አይፍረዱበት፤ ኮምፒውተሩ ገና አዲስ ነው፣ ያረጀው እሱ ነው" አልኩ። ሻለቃዋ እንኳ አልሳቁም። አንተ መነጽርህን ጠረግክ፣ ኪቦርዱን ወደ ቦታው መለስክ፣ "ልክ ነሽ" አልክና ሻንጣህን ይዘህ ወደ እህትህ ሄድክ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ልክ ነሽ ያልከኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው። ይህን ያነሣሁት ነገሩን ለማያያዝ ያህል ነው እንጂ ስለ እሱ መጻፍ አልፈለግኩም።

ወደ ሥራው ልመለስ። አንተ ከሄድክ በኋላ "ይሄ ነገር ሰው የሠራው አይደለም እንዴ፣ እኔን ምን ያቅተኛል" ብዬ ወንበርህ ላይ ጉብ አልኩ። ፕሮግራሙን ሳልከፍት ግን ዲስኩን አየሁትና አፈርኩ። ምን ዓይነት ዝርክርክ ነው! ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ሙሽራዋ ከሙሽራው አጎት ጋር ተደባልቃ። ቤት ሳይጸዳ ሥራ አይጀመርም ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ አጸዳሁ። "የሙሽራዋ ወገን" ብዬ አንድ ፎልደር፣ "የሙሽራው ወገን" ብዬ ሌላ ፎልደር ከፈትኩ። ለሻለቃዋ ብቻቸውን አንድ ፎልደር ሰጠኋቸው፤ ከማንም ጋር መቀላቀል አይወዱማ። የሚጨፍሩትን ከሚጨፍሩት፣ የሚበሉትን ከሚበሉት ጋር አደረግኩ። ስጨርስ አንጀቴ ራሰ። ከዚያ አንተ የጀመርከውን ሥራ ከፈትኩት።

ቀይ። ከዳር እስከ ዳር ቀይ! መሐሉ ላይ ፋይሉ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ። ኧረ ጉዴ ፈላ! የተቃጠለ መስሎኝ ሶኬቱን ነቅዬ ከወንበሩ ዘልዬ ተነሣሁ። እጄን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ትኩሳቱን ለካሁት። ቀዝቃዛ ነው። መልሼ ሰካሁት፤ አሁንም ቀይ። እንዲያው ሙሽራዋ ትኑር አትኑር እንኳ የሚነግረኝ ጠፋ።

ፕሮግራሙን የጫነልንን መላጣውን ቴክኒሻን ጠራሁት። ታውቀዋለህ፣ ለሁሉም ነገር መልሱ አጥፍተሽ አብሪው ነው። ሚስቱ ስታኮርፍም እንደዚያ ሳይላት አይቀርም። አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ቀይ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አጠገቤ ተቀመጠና፣

"ፋይል አንቀሳቅሰሻል?" አለኝ።

"እኔ? አላንቀሳቀስኩም።"

"ምንም አልነካሽም?"

"ቦታ ቦታ አስያዝኩት እንጂ ምንም አልነካሁም።"

መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። ከዚያ ፕሮግራሙ ቪዲዮውን ውስጡ እንደማያስቀምጠው፣ የት እንዳለ አድራሻውን ብቻ እንደሚይዝ አስረዳኝ። እኔ ደግሞ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቤት አስቀይሬ ለፖስተኛው ሳልነግረው ቀርቻለሁ። "አሁን የት እንዳሉ ይጠይቅሻል፣ አሳዪው" ብሎኝ ሄደ። እውነትም ጠየቀኝ። እኔም ሞኝ አይደለሁም፣ አንድ በአንድ ከምደክም ብዬ ትልቁን ዲስክ አሳየሁት። የአራት ዓመት ሠርግ ያለበትን። "ከዚህ ውስጥ ነው፣ ራስህ ፈልግ" አልኩት። ፈለገና ቀዩ በሙሉ እልም አለ! ብቻዬን እልል ብዬ አቀለጥኩት። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ሮጦ መጣ።

መጀመሪያዋን ሁለት ደቂቃ አየሁ። ሙሽራዋ ስትኳል ነው፣ ቆንጆ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ምን ቸኮልኩ መሰለህ፣ "ረቂቁ ደርሷል፣ ኑና እዩ" ብዬ ሻለቃዋን ጠራሁ። ከነልጃቸው ከነምራታቸው መጡ። ሻይ አፍልቼ፣ ብስኩት ደርድሬ፣ ወንበሮቹን አስተካክዬ አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ሙሽራዋ አባቷን ይዛ መራመድ ጀመረች። እሷ እንባ ባቀረሩ ዓይኖች ወደ ፊት ታያለች፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ሥዕሉ ወደ ሙሽራው ይዞራል፤ ሙሽራው ደግሞ ያ ከሦስት ዓመት በፊት ያገባው ፋርማሲስት! ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋላት።

"ይሄ ማነው?" አሉ ሻለቃዋ።

ሐኪሙ አንገቱን አስግጎ አየና፣ "አውቀዋለሁ እኮ! ባለፈው ወር መንጋጋውን ነቅዬለታለሁ" አለ።

ላጥፋ ስል ቁልፍ ስቼ ጭራሽ ወደ ፊት አሳለፍኩት። ወደ ሻለቃዋ ንግግር ደረሰ። ድምፁን በሌላ መቅጃ ስለቀዳነው አልተነካም፣ የራሳቸው ነው። "ልጄን በሥርዓት ነው ያሳደግኩት፣ ሰው ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃል" ይላሉ። ስክሪኑ ላይ ግን የማላውቀው ወፍራም ሰውዬ ኬኩን ጉልበቱ ላይ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። ሙሽራዋ በሳቅ ፈረሰች። ከወንበሯ ወርዳ መሬት ተቀመጠች። ሐኪሙ ሊያነሣት ጎንበስ ብሎ እሱም እዚያው ቀረ።

ሻለቃዋ ብቻ አልሳቁም። "ልጄን የት አደረስሽው?" አሉኝ።

"ዲስኩ ውስጥ አሉ፣ እትዬ።"

"አውጪው!"

ሁለት ሳምንት ሰጡኝ። በሁለት ሳምንት ካላለቀ ዲስኩን ወስደው መንገዱ ማዶ ላለው ትልቁ ስቱዲዮ ሊሰጡት። በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ "ባለቤትሽስ?" አሉኝ። እህቱን ሊጠይቅ ሄዷል አልኳቸው። "ከዚያ ቀን ጀምሮ?" አሉ። አዎ አልኩ። "እህም" አሉና ወጡ። እኔ እንደዚያች "እህም" ያሸማቀቀኝ ነገር የለም፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ቀረሁ።

የዚያን ዕለት አለቀስኩ። አዎ፣ እኔ። ለማን ይነገራል ብለህ ነው። ልጃችን ቅዳሜ መጣችና ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምር ሰው ከፈተችልኝ። "በጣም ቀላል ነው ጓደኞቼ" ይልና እኔ መነጽሬን እስክፈልግ አሥራ አራት ቦታ ነካክቶ ይጨርሳል። የእሱ ስክሪን አራት መስኮት አለው፣ የእኔ ሦስት። አራተኛውን መቼ እንደዘጋሁት እንጃ። ሙሉ ከሰዓት ያንን መስኮት ስንፈልግ ዋልን። ልጅህ ሰለቻትና "እማዬ፣ ቢያንስ የአባዬን ጋውን ልጠብ" ብላ በሩ ኋላ የተሰቀለውን የሥራ ጋውንህን አወረደች። ኪሱን ስትፈትሽ አንዲት ትንሽ ደብተር አወጣች።

አሁን እንዳትናደድ። አነበብኩት። ጽሑፍህን ሳይ ሂሳብ የያዝክበት መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ "ሲከፈት አትደንግጥ" ይላል። ሁለተኛው ገጽ "ሲዘጋም አትደንግጥ፣ ሴቭ ካደረግክ።" ከዚያ፣ "ረቡዕ። ሴቭ አላደረግኩም። ደነገጥኩ።" ከሥሩ ደግሞ፣ "ዓርብ። ድምፅ የለም። ሁለት ሰዓት ፈለግኩ። ለካ እሷ ስፒከሩን ነቅላ የስልኳን ቻርጀር ሰክታበታለች። አልነገርኳትም።" እኔና ልጅህ ሳቅን፣ ሳቅን፣ ሆዳችንን ይዘን። ለካ እኔ ሥራ የፈታህ መስሎኝ ስነጫነጭብህ፣ አንተ ተደብቀህ ትማር ኖሯል! ሠላሳ አንድ ገጽ! በዚያ በሚያምር እጅህ፣ ሥዕሉን ሳይቀር እየሣልክ፣ የትኛው መስኮት የት እንዳለ፣ ቢጠፋ በየት እንደሚመለስ። የጠፋብኝን መስኮት በገጽ አራት አገኘሁት።

ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ "ፋይል ስታሳየው የዚያን ሠርግ ፎልደር ብቻ አሳየው። ካሜራው ካርድ በተቀየረ ቁጥር ከአንድ ስለሚቆጥር ቁጥሩ ይደጋገማል፤ ዲስኩን በሙሉ ካሳየኸው የሰው ሠርግ ያመጣል" ብለሃል። የሰው ሠርግ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። ሰውዬ፣ ይህን አውቀህ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ዝም! እኔ እዚህ የፋርማሲስቱን ሙሽራነት ሳድስ!

እንዳልከው አደረግኩ። ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሐኪሙም ሻለቃዋም። ያኔ ነው ያንተን ሥራ ያየሁት። ነካክተህ የተውከው መስሎኝ የነበረው አርባ ደቂቃ ሙሉ ያለቀ ነው። ሙሽራዋ ስትገባ ከሦስቱም ካሜራ አዋድደህ፣ ሻለቃዋ ማንም ሳያያቸው በቦርሳቸው ፊታቸውን ከልለው እንባቸውን ሲጠርጉ የቀረጽኳትን፣ እኔ ራሴ የረሳኋትን ሦስት ሰከንድ ከየት እንዳወጣሃት እንጃ፣ ልክ ቦታዋ ላይ አስቀምጠሃታል። ሃያ ሁለት ዓመት ካሜራ ስሸከም እኔ ነኝ ሥራውን የምሠራው ስል ኖሬያለሁ። ለካ እኔ የማመጣልህ ጥጥ ነው፣ ልብሱን የምትሠራው አንተ ነህ።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ የሰኞ ነው፤ የዚያ ማክሰኞ ዋዜማ። ምን እንዳልክ አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን እኔም ልጻፈው። "አርባው ደቂቃ አለቀ። መቀሷን በአንዲት ቁልፍ ነው የማዛት፣ ዓይኔን ጨፍኜ እቆርጣለሁ። ነገ ሻለቃዋ ሲመጡ እሷም እያየች እቆርጥላቸዋለሁ። ትገረማለች።"

ትገረማለች አልክ። እዚያ ላይ ስደርስ ልጃችን ተነሥታ ሻይ ላፍላ ብላ ወጣች። እኔ ደብተሩን ይዤ ቀረሁ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሰኞ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆርጥ ሰው፣ ማክሰኞ ዓይኑን አፍጥጦ አሥር ጊዜ እንዴት ያቅተዋል? ሻለቃዋን ፈርቶ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ አራት ቀን በደብተርህ እየተመራሁ የቀረውን ጭፈራ ስቆርጥ ሰነበትኩ። መቀሷንም ለመድኳት፤ ቁልፏን ጫን፣ ቁርጥ። ቁልፏን ጫን፣ ቁርጥ። አምስተኛው ቀን ጠዋት የሙሽሮቹን ስም በፊደላችን ጽፌ መጀመሪያው ላይ አስገባሁና ወደ መቁረጤ ተመለስኩ። ቁልፏን ጫንኩ። እምቢ። ደግሜ ጫንኩ። እምቢ። አሥር ጊዜ ጫንኳት፤ ንቅንቅ አልልም አለች። ለመላጣው ደወልኩለት።

"አጥፍተሽ አብሪው" ሊለኝ ነው ስል፣ "ኪቦርዱን በምን ቋንቋ አድርገሽዋል?" አለኝ።

"በኛው ፊደል ነዋ፣ የሙሽሮቹን ስም ልጽፍ።"

"መልሺው። በኛ ፊደል ከሆነ ፕሮግራሙ ቁልፏን አያውቃትም። በማውዝ ካልነካሻት በቀር አትቆርጥም።"

መለስኩት። ቁርጥ አለች። ስልኩን ሳልዘጋው ክው ብዬ ቀረሁ።

አሁን ደብዳቤውን አስቀምጠህ ወንበር ላይ ቁጭ በል። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት አንተ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ የሚለጠፈውን "ልጆቻችሁን ያዙልን፣ መብራት ይጥላሉ" የሚለውን ማስታወቂያ ጽፌ አትሜ ተነሣሁ። በኛው ፊደል። ኪቦርዱን አልመለስኩትም፤ የሚመለስ ነገር መሆኑን መች አውቄ። ስልኩን እንደያዝኩ ሄጄ ማስታወቂያውን አየሁት። ከሥሩ ቀን ጽፌበታለሁ። ያው ማክሰኞ ነው። አንተ መጥተህ ተቀመጥክ፣ ቁልፏን ጫንክ፣ አሥር ጊዜ ጫንክ። ሻለቃዋ ሰዓት እያዩ ከኋላ ቆመውብህ ማውዝ ይታወስሃል? እኔን ማንም ሳያየኝ እንኳ አልታወሰኝም። መቀሷን ያሰርኩብህ እኔ፣ አረጀ ያልኩህም እኔ።

አንተ አላረጀህም። እጅህም ዓይንህም ደህና ናቸው። ይህን በትልቁ ጽፌ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ፊልሙን ባለፈው ቅዳሜ አስረከብኩ። ሦስቱም መጡ፣ በዚያው ወንበር ተቀመጡ። ሙሽራዋ ገና ሳይጀመር አፏን በእጇ ይዛለች፣ ለሳቅ ተዘጋጅታ። ሙሽራው ሲመጣ የራሷ ሙሽራ ሆነባትና ቅር ያላት መሰለኝ። ሻለቃዋ ግን ያችን ሦስት ሰከንድ ሲያዩ ቦርሳቸውን አነሡና ፊታቸውን ከለሉ፤ ልክ እንደ ቪዲዮው። ሲያልቅ ከአንተ ስም በቀር የማንም ስም አይታይም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጭፈራው ግን የእኔ ቁርጥ ነው። ትንሽ ይዘላል፣ ስታየው እንዳትስቅ።

ሊወጡ ሲሉ "ቆዩልኝ፣ እትዬ" አልኳቸው። "የዚያን ማክሰኞ እርስዎ ፊት ባለቤቴን አረጀ ብያለሁ። ሐሰት ነው። ኪቦርዱን ያበላሸሁበት እኔ ነኝ። ያዩትን ሥራ የሠራውም እሱ ነው። እርስዎ ፊት ነው ያልኩት፣ እርስዎ ፊት ይመለስልኝ" አልኩ። ሐኪሙና ሚስቱ መሬት መሬት አዩ። ሻለቃዋ አዳምጠው ጨረሱና፣

"ለእሱስ ነገርሽው?" አሉ።

"አልነገርኩትም።"

"ታዲያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" ብለው ተቆጡ። "ቁጭ ብለሽ ጻፊለት። ስሕተትሽን በግልጽ አስቀምጪ፣ ዙሪያ ጥምጥም እንዳትሄጂ። ከፈለግሽ እኔ አርምልሻለሁ።"

አይ፣ ይቅርብኝ አልኳቸው። ቢያርሙት ኖሮ መጀመሪያው ላይ ስለ ሥራ ብቻ ነው ያልኩት ሁሉ በቀይ ይሰረዝ ነበር። ልክም ናቸው። ሰባት ሳምንት ስለ ሥራ አላሰብኩም። ሻይ ሁለት ብርጭቆ ቀድቼ አንዱን መልሼ ስደፋ ነው የከረምኩት።

እንግዲህ ልለው ነው። ይቅር በለኝ። ከልቤ ነው፤ በድዬሃለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ይህን ቃል ነግሬህ አላውቅም፣ አንተም ጠይቀኸኝ አታውቅም። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሮጠው። አንተ ደግሞ ዝም ስትለኝ የማይሰማህ ይመስለኝ ነበር።

ሰበብ እንዳልፈጥርልህ እውነቱን ልንገርህ። ቀዩ ጠፍቷል። መስኮቶቹ አራትም ናቸው። መቀሷ ትቆርጣለች። ሁለት ሠርግ አዲስ መጥቷል፣ ብቻዬንም ብሆን እየተንፏቀቅኩ እጨርሰዋለሁ። ፕሮግራሙ ላይ የምጠይቅህ አንድም ጥያቄ የለኝም። እና ለሥራ ና አልልህም። ለእኔ ብለህ ና።

ይህን ደብዳቤ ነገ ጠዋት በአውቶቡሱ ረዳት እጅ እልክልሃለሁ፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በሚገባው አውቶቡስ እጠብቅሃለሁ። ካልወረድክ እሑድ ጠዋት በሚመለሰው ተሳፍሬ እዚያ ወፍጮ ቤት እመጣለሁ። ሰው ፊት ነው ያስቀየምኩህ፣ ሰው ፊት ነው ይቅርታ የምጠይቅህ። እህል ሊያስፈጭ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ፣ ከቻርጀሩ ጀምሬ አንድ ሳላስቀር እናገራለሁ። ድምፄን ታውቀዋለህ፤ ወፍጮው ቢጮኽም አይሸፍነውም። ማፈር ከፈለግክ ቁጭ ብለህ ጠብቀኝ።

ወገብህን ያጽናልህ፣ የዓይንህን ብርሃን ያቆይልኝ፣ ሳንባህን ከዱቄት ይጠብቅልኝ። እትዬንና ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ልጅህ ጋውኑ ታጥቦ ተተኩሷል ብላሃለች።

በስሕተቷ የምትፈርምልህ፣
ሚስትህ